ቢጫው ሻማና ነጩ ሻማ

ስኪ መማር የፈለግሁት ቀይ ጃኬት ስላየሁ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወደ ዝግባዎቹ ተዳፋት የሚሄዱ የቤይሩት ሰዎች መኪናቸው መንደራችን መሃል በረዶ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። አባቴና አጎቴ ሳርኪስ በአካፋ እየቆፈሩ ሊያወጡላቸው ሲታገሉ፣ እኔን የምታክል ልጅ ከኋላ ወንበር ወረደች፤ ስኪዋን፣ እግር ላይ የሚታሰሩትን ረጃጅም የበረዶ መንሸራተቻዎች፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ራሷ ጎትታ አወረደች፤ ከቤታችን በላይ ያለችውን ጉብታ ወጣች፤ ከዚያ ወረደች። በቃ ይኸው ነው። ስትወርድ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ቀዩ ጃኬት ብቻ በነጩ ላይ ሽው ብሎ አለፈ።

እኔ በረዶን የማውቀው ከጣሪያ ላይ የሚጠረግ፣ ጫማ የሚያበሰብስ፣ በቅሎ የሚያዳልጥ ነገር አድርጌ ነበር። ለካስ ሰው ይጋልበዋል።

ማታውን ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ነገሩን አነሳሁት። እናቴ ለመውለድ ወላጆቿ ዘንድ ወደ ቆላው ከተማ ወርዳ ስለነበር ከጎኔ የሚቆም ሰው አልነበረም።

«እግርሽ ቢሰበር ማን ያገባሻል?» አለ አባቴ።

«አጎቴ ያስተምረኝ። ውትድርና እያለ ተምሯል አይደል?»

«መጀመሪያ በቅሎዋን ላስተምር» አለ ሳርኪስ። «እሷ ቢያንስ አራት እግር አላት፤ አንዱ ቢሰበር ሦስት ይተርፋታል።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አያቴ ከትሪና ተናገረች። አያቴ እሷ ከተዳረች ወዲህ የመጣን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ የምታይ ሴት ነበረች፤ ራዲዮን ጨምሮ። «ያ የደይር ሙኒስ ልጅ፣ ጠኑስ፣ ተዳፋቱ ላይ ለቤይሩት ሰዎች ያስተምር የለ? እሱ ያስተምራት» አለች፣ ክሯን እያጠነጠነች።

 ደይር ሙኒስ ከሸንተረሩ ወዲያ ያለው መንደር ነው። አባቴ ሳይወለድ በአንዲት ምንጭ ውኃ ተጣልተው፣ ከዚያ ወዲህ የኛ መንደር፣ የዓይን ሐጀል፣ ሰው ለነሱ ሴት ልጅ ሰጥቶም ከነሱ ወስዶም አያውቅም።

«ልጄን ከደይር ሙኒስ ሰው ጋር ብቻዋን ተራራ ላይ ልላክ?» አለ አባቴ።

«ብቻዋን ማን አለህ? ናጅላ ትጠብቃታለች።»

«ናጅላ ደግሞ በምን እግሯ ነው የምትከተላት?» አለ ሳርኪስ።

«ትማራለቻ። ወይስ በእንፉቅቅ ትከተላት?»

አክስቴ ናጅላ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። ጆሮዋ ግን እንደ ፍም ቀልቶ አየሁ፤ ከምድጃው ጋር ስለተጠጋች መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን አንድ እንግዳ ያዘወትር ነበር። አስአድ ይባላል። ከብራዚል የተመለሰ፣ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ከኪሱ ከረሜላ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። እሱ በመጣ ቁጥር ናጅላ ላሞቹን ለማለብ ትወጣለች፤ ታልበው የነበረም እንደሆነ እንደገና ታልባቸዋለች። «ቃል ሰጥቻለሁ፣ ጾም ሳይገባ ቀለበቱ ይደረጋል» እያለ ሳርኪስ ሲናገር ሰምቻለሁ። እኔ ከረሜላውን ስለማየው ነገሩ አልከነከነኝም።

ልምምዱ ሊጀመር ዋዜማ ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ ናጅላ ስታለቅስ ሰማሁ። «አልችልም እማዬ፣ ይሄንስ አልችልም፤ እሞታለሁ።»

«አትሞቺም» አለች አያቴ። «ከመቆየት መውደቅ ይሻላል።»

አሳዘነችኝ። ስኪ እንዲህ ያስፈራታል ብዬ አልጠበቅሁም። እኔ እኮ በደስታ እንቅልፍ አጥቼ ነው የምገላበጠው።

ጠዋት አያቴ ኪሷን ዳብሳ ሁለት ቁራጭ ሻማ አወጣች። ቤተ ክርስቲያኑን የምታጸዳው እሷ ስለሆነች፣ ያለቀ ሻማ ሁሉ የሚጠራቀመው እሷ ዘንድ ነው። ለኔ ቢጫውን ሰጠችኝ፤ ከእውነተኛ ሰም የተሠራ፣ ማር ማር የሚሸት፣ የተባረከ። ለናጅላ ነጩን፤ የሱቅ፣ ሽታ የሌለው። «የስኪያችሁን ሆድ በዚህ እሹት» አለች። ለኔ የተሻለውን ስለሰጠችኝ ኩራት ተሰማኝ። ናጅላ እንዳይከፋት ብዬ ቢጫዬን ላካፍላት ስል፣ አያቴ እጄን መታ አደረገችኝ።

ጠኑስ ጉብታው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ መነጽሩ የሚያርፍበት የዓይኑ ዙሪያ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሁለት ጥንድ ያረጀ የእንጨት ስኪ ይዞልናል። የእኔን ጫማ ራሱ ተንበርክኮ አሰረልኝ፤ የናጅላን ግን እንዴት እንደሚታሰር ከሩቅ ሆኖ በዘንጉ ጠቆማት። ያኔ እንደሚጠላት ገባኝ።

«ስሚ እሜቴ ኖሃድ» አለኝ። «በረዶ ፈሪ ያውቃል። ፈርተሽ ወደ ኋላ ስትደገፊ ይጥልሻል። ወደ ቁልቁለቱ ስትደገፊ ይሸከምሻል። ጉልበትሽን እጠፊ። እግርሽን አትዪ፤ የምትሄጂበትን እዪ።»

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሚያየው ከራሴ በላይ፣ ከኋላዬ ነበር። አስተማሪ ሁሉ እንዲህ ሩቅ የሚያይ መሰለኝ። ከኋላዬ የነበረችው ናጅላ ናት።

የስኪዎቼን አፍንጫ አቀራርቤ ተረከዜን እንድከፍት አሳየኝ፤ እንዲህ ሲደረግ ሰው ይቆማል አለ። እኔ ግን መቆም አላስቸገረኝም፤ የቸገረኝ መሄድ ነው። ጥቂት እንደተንሸራተትኩ ስኪዬ በረዶውን ንክስ አድርጎ ይይዛል። ናጅላ ደግሞ በተቃራኒው እንደ ተለቀቀ በርሜል ቁልቁል ትወርድና የፖም ዛፍ ሥር ትዘረጋለች።

«ተነሺ» ይላታል ጠኑስ። «እስኪመሽ ልንጠብቅሽ ነው?»

«ይሄን እንጨት አጣመህ ሰጥተኸኝ ነው።»

«እንጨቱ ደህና ነው። የተጣመመው የዓይን ሐጀል ሰው እግር ነው።»

«የደይር ሙኒስ ሰው ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር የት አይቶ ያውቃል?»

 ሊጣሉ ነው፣ ትምህርቴ ሊቋረጥ ነው ብዬ እጨነቃለሁ። መሃላቸው ገብቼ ፈገግ እያልኩ የማይሆን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ ሁለቱም እዚያ መኖሬን የረሱ ይመስል ደንግጠው ያዩኛል። ዛሬ ሁለቱም ሸብተዋል፤ ናጅላ ጉልበቷን አስጠግናለች፤ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር አሁንም እንደዚያው ሲነጋገሩ እሰማቸዋለሁ። ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ መንደር ካልተሰዳደቡ አይሆንላቸውም።

አንድ ቀን ጠኑስ የስኪዬን ሆድ ገልብጦ አየ፤ በጥፍሩ ጫር አድርጎ አሸተተ። ከዚያ ሳቀ። «ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«አያቴ። የተባረከ ነው።»

«ኡም ቡትሮስ ብልህ ሴት ናቸው» አለ፣ አያቴን በአባቴ ስም የቡትሮስ እናት ብሎ እየጠራ፣ ናጅላን እያየ። እሷም ሳቀች፤ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ሳስታርቃቸው ሰነበትኩና ተሳካልኝ አልኩ በልቤ።

ማታ ስኪዬ አልሄድ እንዳለኝ ለአያቴ ስነግራት «ቅዱሱ ይዞሽ ነው» አለችኝ። ቅዱሱ ትንሽ ላላ ቢያደርገኝ ምን አለበት ብዬ አሰብኩ። አባቴ እንዲህ ብሎኝ ነበርና፦ «ከጫፉ ጀምረሽ፣ ሳትወድቂ፣ ብቻሽን እዚህ ግቢ ከደረስሽ፣ ትልቁ ተዳፋት ላይ እወስድሻለሁ።» ለአባቴ ቀልድ ነው። ለኔ ግን ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረኝም። የቀዩ ጃኬት ልጅ እዚያ ናት።

በየቀኑ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጣን። ናጅላ መውደቋን ቀነሰች፤ ቀጥሎም ተወች። ከንፈሯን ነክሳ፣ ሻሿ ከኋላዋ እየተርገበገበ፣ የእርከኖቹን ጠርዝ እንደ ወፍ እየዘለለች ስትወርድ እኔ ከላይ ሆኜ በቅናት አያታለሁ። ቤት ስንገባ ግን ሳርኪስ «ዛሬስ ስንቴ ተንከባለልሽ?» ሲላት «ኧረ ተወኝ፣ ጎኔ አለቀ» እያለች ታነክሳለች። ትሕትና መሰለኝ።

በመጨረሻ ሸንተረሩ ላይ ደረስን። ከዚያ ላይ ሁለቱም መንደሮች ይታያሉ። ጠኑስ በዘንጉ ወደዚያኛው ወገን አመለከተ፦ «ያ ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ደወሉ ስንጥቅ ነው፤ ግን ይሰማል። በመንገድ ግማሽ ቀን፣ ከዚህ ግን አንድ ትንፋሽ።» ናጅላ ቆማ አየች። እጅግ ረጅም ጊዜ አየች።

«እኔም በዚያ በኩል ልውረድ?» አልኩ።

«ያ ያንቺ አይደለም፣ እሜቴ። ያንቺ በወዲህ ነው።»

ሻማ የሚባረክበት በዓል ደረሰ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኘን፤ ሁላችንም አዲስ ሻማ ይዘን ወጣን። አስአድ ለምሳ ተጋብዟል፤ ቀለበቱ በመጪው እሑድ ነው። አያቴ ግን ጎድጓዳ ሳህኖቹን እየደረደረች «በረዶው ሳይለሰልስ ልጅቷን ይዘሻት ውጪ» አለቻት ናጅላን። «ዛሬ በዓል ነው እኮ» አለ አባቴ። «ለልጅቷ የሰጠኸው ቃል አለብህ» አለች አያቴ።

ናጅላን አያቴ ራሷ አለበሰቻት፤ እንደ ሕፃን ቁልፎቿን አንድ በአንድ ቆለፈችላት። እኔ በር ላይ ቆሜ በሙቀት አለቅሁ። የናጅላ ካፖርት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከኪሱ ነጩ ሻማ ብቅ ብሏል። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ወስጄ ከማገዶው ክምር ጀርባ ገባሁ፤ የስኪዬን ቢጫ ሰም በቢላዋ ፋቅሁ፤ በነጩ ደጋግሜ አሸሁት። ከዚያ ቁራጩን ወደ ኪሷ መለስኩ። ቅዱሱን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጫፉ ላይ ጠኑስ ጢሙን ተላጭቶ ቆሟል፤ አገጩን ምላጭ ቆርጦታል። ናጅላ ተንበርክካ ሁለቱን ዓይኖቼን ሳመችኝ። በካፖርቷ አንገት በኩል ሰማያዊው የፋሲካ ቀሚሷ ይታያል፤ እጇ ላይ የአያቴ የወርቅ አምባሮች እንዳይንሿሹ በመሐረብ ታስረዋል። ለበዓል ነው አልኩ።

«ዛሬ ብቻሽን ነሽ» አለኝ ጠኑስ። «ቀስ ብለሽ። አውድማው ላይ ስኪሽ ይቆማል፤ አረፍ በዪ፣ ይቺን ፖም ብዪ። ከዚያ በእግርሽ ውረጂ። እኛ ከላይ እናይሻለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ኋላ አትመልከቺ። ወደ ኋላ ያየ ይወድቃል።»

«ወደ ኋላ አላይም» አለች ናጅላ። ለምን እሷ እንደመለሰች ገረመኝ።

ተነሣሁ። የመጀመሪያው እርከን ከእግሬ ሥር ጠፋ። እስከዚያን ቀን በረዶው ይጎትተኝ ነበር፤ ያን ቀን ገፋኝ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ነዳው።  ተረከዜን ልክፈት አልኩ፤ ስኪዬ አልሰማኝም። ያኔ የጠኑስ ቃል ትዝ አለኝ፤ ወደ ቁልቁለቱ ተደገፍኩ። ተሸከመኝ። እውነቱን ነው፣ ተሸከመኝ። የፖም ዛፎቹ እየሮጡ በግራና በቀኝ አለፉኝ። አውድማው መጣ፤ ሁልጊዜ የምቀርበት ያ ጠፍጣፋ ቦታ፤ ጉልበቴን አጥፌ ትንፋሼን ያዝኩ። እንደ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ሽርርር ብዬ ተሻገርኩት። እየጮኽኩ ነበር፤ ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም። ግቢያችን ገብቼ የጭድ ክምሩ ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ቆሜ ነው፤ አልወደቅኩም። ፖሙ ኪሴ ውስጥ አለ፤ አልተነካም።

በሩን በርግጄ ገባሁ። አባቴ፣ ሳርኪስና አስአድ ገና ምሳውን መጀመራቸው ነው።

«ወረድኩ። ከጫፉ። ብቻዬን።»

የአያቴ ጭልፋ አየር ላይ ቆመ። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ሳትቆሚ?»

«ሳልቆም።»

«አውድማው ላይስ?»

«በረርኩ።»

አያቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዳ እየበላ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። በኔ ኮርታ መሰለኝ።

«ናጅላስ?» አለ ሳርኪስ።

«ከኋላ ናት። ትመጣለች።»

«ያ ሰውዬ አብሯት ነው?» አፉን ጠርጎ ተነሣ። ስኪው በሩ ኋላ ተሰቅሏል። በመንደራችን ሳርኪስን በበረዶ ላይ የሚቀድም አልነበረም፤ ጠኑስ ብቻውን ቢሆን ምናልባት። «ልውጣና ላምጣት።»

«ቁጭ በል» አለች አያቴ። «ልጅ ከተራራ ጫፍ ብቻዋን ወርዳ መጥታ አንድ ሰው እንኳ እንዴት ነበር አይላትም? ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ? ተናገሪ፣ የኔ ልጅ። ከመጀመሪያው።»

«ከየቱ መጀመሪያ?»

«ጫማሽን ካሰርሽበት።»

በሕይወቴ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም። አያቴ ወንበር ላይ አቆመችኝ። ጫማዬን እንዴት እንዳሰርኩ ተናገርኩ። እንዴት እንደወጣን ተናገርኩ፤ የትኛው እርከን ላይ የቀበሮ ዱካ እንዳየን ጭምር። «ቀበሮው ወዴት ነበር የሚሄደው?» አለች አያቴ። አሰብኩና ተናገርኩ። አስአድ ማንኪያውን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። «በብራዚል በረዶ የለም» አለ። «ቀጥዪ ልጄ። ሲያዳልጥ ሆድ ዕቃን ምን ይለዋል?»

«ልክ ደረጃ አለ ብለህ ረግጠህ ደረጃው ሲጠፋ።»

«አቤት» አለ አስአድ፣ ሆዱን ይዞ።

«ከዚያ ጫፉ ላይ አክስቴ ሳመችኝ፤ ሰማያዊውን ቀሚ—»

አያቴ አፌ ውስጥ ትኩስ ኪበ፣ ከሥጋና ከስንዴ የተድቦለቦለ ጥብስ፣ ወተፈችብኝ። ሥጋው ምላሴን ለበለበኝ፤ አላምጬ እስክውጥ ድረስ «ብዪ፣ ብርድ መትቶሻል» እያለች ጀርባዬን ትደባብሳለች። ስለ አምባሮቹ ላነሳ ስልም ሌላ ኪበ መጣ። እንዲህ ያለ መንከባከብ አይቼ አላውቅም።

ሳርኪስ ሁለተኛ ተነሣ። በሩ ኋላ ደርሶ ስኪውን አወረደ። እኔ ወንበሬ ላይ እንደቆምኩ ጣቴን ቀሰርኩበት፦ «እሱ አይሰማኝም።»

«ተቀመጥ እንግዲህ» አለ አባቴ። «እሷ እንደሆነ እንደ ኤሊ ነው የምትወርድ። ልጄ ትጨርስ።» አባቴን በኋላ ዘመን ጠይቄዋለሁ። ምንም አያውቅም ነበር። ከልቡ ሊሰማኝ ፈልጎ ነው።

ሳርኪስ ስኪውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እኔም እያንዳንዷን መታጠፊያ ነገርኳቸው። ረሳሁ ብዬ ተመለስኩ፤ «አይ፣ ከሁለተኛው እርከን ጀምሪው» አለች አያቴ። እጄን ዘርግቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ወንበሩ ላይ እየተወዛወዝኩ ወረድኩላቸው። አስአድ አብሮኝ ይወዛወዛል። ልክ አውድማው አፋፍ ላይ ደርሼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ልሻገር ስል ደወል ተደወለ።

የኛ አልነበረም። ከሸንተረሩ ወዲያ ነው። ስንጥቅ ድምፅ፣ ፈጣን፣ እርስ በርሱ የሚደራረብ። የሞት ደወል እንዲህ አይደወልም።

«በደይር ሙኒስ ዛሬ ማን ነው የሚያገባው?» አለ አስአድ።

 ሳርኪስ ስኪውን አየ፤ እኔን አየ፤ እናቱን አየ። አያቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ አማተበች፤ መዳፏን ወደ አፏ ወስዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ጣሪያው ላይ የነበረው በረዶ የተናደ እስኪመስለኝ።

የቀረውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በኛ ተራራ ቤተሰብ እንቢ ያለ እንደሆነ ሴት ልጅ ከወደደችው ጋር ትጠፋለች፤ ቄስ ካጋባቸው በኋላ ወንድም መጮህ እንጂ መመለስ አይችልም። ሳርኪስ ጮኸ፤ በረት ገብቶ ባልዲ ረገጠ። አስአድ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ከረሜላ ሁሉ እጄ ላይ አራግፎ በዝግታ ወጣ። ለፋሲካ ሙሽሮቹ ቄስና ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሳርኪስ ፊቱን አኮማትሮ ጠኑስን ሳመው፤ ሲመሽ ሁለቱ ስለ ስኪ ሲከራከሩ ትቻቸው ተኛሁ።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አልተረዳሁም። የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልጨረስኩም። ወንዶቹ ተያይዘው ወጥተዋል፤ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቆሜ አውድማው አፋፍ ላይ ቀርቻለሁ። አለቀስኩ።

አያቴ በሩን ዘጋች። ከወንበሩ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ቢጫው ሻማ እንዴት አውድማውን አሻገረሽ?» አለችኝ በጆሮዬ። «የንብ ሰም በብርድ ይይዛል እኮ። እንዲይዝሽ ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»

«በነጩ ቀየርኩት» አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ።

አየችኝ። ከዚያ ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች፤ እኔም ከጭኗ ጋር አብሬ ተነቃነቅሁ። መጨረሻ ላይ ሳቁ ይሁን ልቅሶው መለየት አቃተኝ። ኪሴ ውስጥ እጇን ሰድዳ ፖሙን አወጣች፤ በቢላዋ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ።

«የቅድሙ ወሬ ለነሱ ነበር» አለች። «አሁን ለኔ ንገሪኝ። ጊዜ አለን።»

ፊቴን ጠረግሁ።

«ጫፉ ላይ ነፋስ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።